የዕድሩ ሳህን

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ሁለተኛ ወር ሳልጨርስ የሥነ ዜጋ አስተማሪያችን አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን በአካባቢው ካለ ማኅበር ጋር ጥቂት ወራት እየሠራን ያየነውን እንድንጽፍ ነበር። አብዛኞቹ ጓደኞቼ ሚዛን ከተማ ውስጥ በእግር የሚደረስበትን መረጡ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው አጠገቡ አማን ስለሆነ ከተማውን አውቀዋለሁ ብዬ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የቡና መንደር መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር ግን አስተማሪው ራቅ ወዳለ ቦታ የሚሄድ ተማሪ የበለጠ ይማራል ሲሉ ስለሰማሁ ነው።

ማኅበሩ ትንሽ ነው። አሥራ ሁለት አባላት አሉት፤ ቅዳሜ ጠዋት በመንደሩ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። አግዳሚዎቹ ለሕፃናት የተሠሩ ስለሆኑ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ነው የሚቀመጡት። ሰብሳቢው የዚያው ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ሥራቸው በአጭሩ አንድ ነው፤ ማንም ሰው ከማን ተወለደ ተብሎ ከማዕድ፣ ከደስታና ከቀብር እንዳይገፋ። መምህሩ ራሳቸው ከሌላ መንደር የመጡ ማንጃ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ይኼን ስም መጻፍ ይቻል እንደሆነ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው። «ስሙማ የእኛ ነው» አሉኝ፣ «ክፋቱ ሰዎች ሲጠሩት በሚያሳዩት ፊት ላይ ነው። አንቺ ፊትሽን ሳትቀይሪ ጻፊው።»

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ማንጃ የሚባሉት በካፋ፣ በሸካና በቤንች መንደሮች ከሌላው ሕዝብ ጋር አብረው የኖሩ፣ የጎረቤቶቻቸውን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ከጫካው ማርና ከሰል እያወጡ ይሸጣሉ። ከሰላቸውን የማይገዛ የለም፤ ቤቱ የሚያስገባቸው ግን ጥቂት ነበር። ከአጥር ውጭ ቆመው ይጣራሉ። ምግብ ከተሰጣቸው በኮባ ቅጠል ላይ ነው፤ በልተው ሲጨርሱ ቅጠሉ ይጣላል። ዛሬ ብዙው ቀርቷል፤ ልጆቻቸው ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ነገሩ ማዕድና ቀብር ላይ ሲደርስ ግን ሰው ሁሉ ድንገት ሌላ ጉዳይ ያስታውሳል።

ይኼን ስጽፍ ራሴን ውጭ ያለሁ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ አማን ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ እኛ ቤት ስለ ማንጃ ክፉ ነገር ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ሆኖም ከሰል የምታመጣልን ሴት ውኃ ስትጠይቅ እናቴ የምትሰጣት በአንድ ጣሳ ነበር። ጣሳው የአጥሩ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ሌላ ሰው ሲጠጣበት አይቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ጣሳው የአጥሩ ዕቃ ይመስለኝ ነበር፤ ለምን ቤት እንደማይገባ ጠይቄ አላውቅም።

ማኅበሩ በዚያ ሰሞን ይዞት የነበረው ጉዳይ የአንዲት እናት ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይሆናል፤ ከወንዙ ማዶ ካሉት ሦስት የማንጃ ቤቶች በአንዱ ይኖራሉ። የመንደሩ ሰው ትልቁም ትንሹም አንቺ ይላቸዋል። እኔ እትዬ ማለት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ቀን ከኋላቸው ሌላ ሰው የመጣ መስሏቸው ዞር ብለው አዩ።

እትዬ የሚፈልጉት ዕድር መግባት ነበር። ምክንያታቸውን ለሰማው ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል ይናገራሉ። ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ መንደሩ አልወጣም። አራት ሰዎች፣ ሁሉም ዘመዶቻቸው፣ አስከሬኑን በዝናብ ተሸከሙት። አራት ሰው ደግሞ ያን ዳገት በአንድ ትንፋሽ አይወጣውም። በየመታጠፊያው ጭቃ ላይ እያሳረፉ ነው የወሰዱት። «ባሌን መንገድ ላይ አራት ጊዜ አስቀመጥነው» ይላሉ እትዬ። «እናቴን ግን አላስቀምጣትም።»

እናታቸው ያን ጊዜ ታመው ተኝተው ነበር። ማኅበሩ እኔን ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር እንድንጠይቃቸው ላከን። ምድጃው አጠገብ ባለች መደብ ላይ ተጋድመው አገኘናቸው። በጣም አርጅተዋል፤ ጆሮአቸውም ከብዷል። እማማ ብዬ ጎንበስ ስል እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት። ከዚያ ለልጃቸው በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሁለቱም ሳቁ። ጤና ሠራተኛዋን ምን አሉ ብዬ ጠየቅኋት። «ለመሸከም የመጣሽ መስሏቸው ነው» አለችኝ፤ «ይቺ ትከሻ የላትም፣ ሌላ አምጡ አሉ።» በኋላ እንዳየሁት እማማ የሚጠይቃቸውን ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚፈትሹት። መምህሩን ጥሩ ነህ ብለዋቸዋል።

ከዚያ በኋላ ከመምህሩ ጋር የዕድሩን ዳኛ ለማነጋገር ሄድን። አባታቸው ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ራሳቸው መንደሩ ውስጥ ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው። ቡናቸው የተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ በርጩማ አስቀመጡልንና የዕድሩን ደንብ አመጡ። ደንቡ በሰማያዊ ልባስ የተለበጠ ደብተር ነው። ጮክ ብለው አነበቡልን፤ በመንደሩ የሚኖር ማንኛውም አባወራ ወይም እማወራ አባል መሆን ይችላል ይላል። ሌላ ነገር የለውም። እኔ በጣም ደስ አለኝና ጻፍኩት። እሳቸው ደብተሩን አጠፉ።

«ደንቡ አይከለክልም» አሉ። «የሚከለክለው ሳህኑ ነው።»

መምህሩ አንገታቸውን ነቀነቁ። ለእኔ በመንገድ ነው ያስረዱኝ። በዚያ መንደር አዲስ አባል በፊርማ አይገባም። ይመዘገባል፣ እሺ፤ ግን ሰው አባል የሚለው በወሩ ስብሰባ ቀን ከሌሎቹ ጋር በዕድሩ ሳህን ሲበላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ሰው ሲሞት ለፋፊው ደጁ ላይ ቆሞ የሚጣራው። ያልበላ ሰው ስሙ ደብተሩ ላይ ቢኖርም ለፋፊው አልፎት ይሄዳል። ዳኛው የፈሩት ሰውን ሁሉ አይደለም። ሴቶቹን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቃ ያዧን ነው። የዕድሩን ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ የምትጠብቀው እሷ ናት። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትዞረው፤ ቤተ ክርስቲያንም ስትሄድ አታወልቀውም አሉ። ሳህኖቿ ላይ ማንጃ በላ ብትባል ሁሉንም ወንዝ ትጨምራቸዋለች ብለው ነበር ዳኛው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማኅበሩ በዚህ ጉዳይ ለረጅም ሰዓት ተወያየ። አንዱ የወረዳ ሰው ይምጣና ይናገር አለ። ሌላው ወረዳ ከመጣ ሰው እያኮረፈ ይበላል እንጂ አይቀበልም አለ። እኔ ቃለ ጉባኤ ነበር የምይዘው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ሐሳብ ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ሐሳቡ በዚያች ቅጽበት መጣልኝና ከመናገሬ በፊት ሁለት ጊዜ በልቤ አስተካከልኩት። የዕድሩ ሳህን ከሆነ ችግሩ፣ የዕድሩ ሳህን ለምን ያስፈልጋል? አባቴ ሱቅ ውስጥ ለልደትና ለሠርግ የሚሸጠው ነጭ የላስቲክ ሳህን አለ፤ አንዴ ተበልቶበት የሚጣል። ለሁሉም ሰው ያው አንድ ዓይነት ሳህን ይሰጥ። ዳኛውም በእሱ፣ እትዬም በእሱ። ማንም ከማንም አይለይም፤ ማንም የሚጨቃጨቅበት ሳህን አይኖርም። አባቴን ጠይቄ በነፃ አመጣለሁ አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ በራ። የግብርና ሠራተኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይቺን ልጅ ከየት አገኘናት አሉ። ዳኛው እንኳ ሲነገራቸው ወዲያው ተስማሙ፤ ተንፈስ አሉ ብሎ የነገረኝ ሰው ነበር። መምህሩ ብቻ ምንም አላሉም። ጠመኔ በእጃቸው ይዘው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ወስጄ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ።

አባቴ አንድ ካርቶን ሙሉ ሰጠኝ። ለበጎ ነገር ከሆነ ውሰጂ፣ ደግሞ ሳህን ከማጠብ አዳንኩሽ ብሎ ቀለደብኝ። ካርቶኑን በላስቲክ ሸፍኜ በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ ወዲያ በጭንቅላቴ ተሸክሜ ወሰድኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠቃሚ ሰው ሆኜ የተሰማኝ ጊዜ የለም።

የስብሰባው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም። ዕድሩ የራሱ የቆርቆሮ አዳራሽ አለው። ሰው ከሌላ ጊዜ ይልቅ በዝቶ ነበር፤ ከፊሉ ለማየት የመጣ ይመስለኛል። ወጡ ደርሷል፤ የተቀቀለ ጎደሬም በሰፌድ ቀርቧል። እኔ ነጫጮቹን ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ዳር ቆምኩ። ዕቃ ያዧ ከሁሉ ኋላ፣ ባዶ እጇን፣ ክንዷን አጣምራ ተቀምጣለች። ረጅም ሴት ናት፤ ስትቀመጥም ረጅም ናት። ፊቷ ጥሩ አልነበረም። አለቀልን ብዬ አሰብኩ።

እትዬ መጡ። የታጠበ ነጠላ ለብሰዋል፤ እግራቸው ላይ ያለውን ጭቃ በሩ ላይ በቅጠል ጠረጉት። ዳኛው ራሳቸው ተነሥተው ወደ ውስጥ እንዲገቡ ጋበዟቸው። ይኼ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት ያን በር ያለፈ ማንጃ የለም። ደንቡ ተነበበ፣ ስማቸው ተጻፈ። ከዚያ ምግብ ይቅረብ ተባለና የመጀመሪያውን ሳህን እኔ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ተቀበሉኝ። ሳህኑን በጣታቸው ጫን አሉት፤ እጥፍ አለ።

«ልጄ፣ ይኼ ከተበላበት በኋላ ወዴት ይሄዳል?»

«ይጣላል እትዬ፣ ማጠብ የለም» አልኩ። ደስ የሚል ነገር የነገርኳቸው መስሎኝ ነበር።

«የእኔ?»

«የሁላችንም።»

ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩት። «እኔ በኮባ ቅጠል እየበላሁ ነው ያደግሁት» አሉ። «ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር። አሁን ነጭ ሆነ።»

የሚናገሩት ቀስ ብለው ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ያስቀምጡታል።  ዳኛው ነገሩን ለማለሳለስ ሞከሩ። ሁላችንም በዚሁ ነው የምንበላው፣ እኔም ራሴ፣ ዛሬ እኩል ነን አሏቸው።

«አዎ፣ እኩል» አሉ እትዬ። «ድሮ የምትጥሉት የእኔን ብቻ ነበር። ዛሬ የራሳችሁንም ለመጣል ተስማማችሁ፤ እኔ ከበላሁበት ነገ ማንም እንዳይበላ።» ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት። «እኔ ሳህን ፈልጌ አልመጣሁም፤ ቤቴ ሳህን አለ። እናቴን የሚሸከም ሰው ፈልጌ ነው። እኔ የበላሁበትን ሳህን የሚፈራ ሰው የእናቴን ሬሳ እንዴት ይነካል?»

 እኔ ጆሮዬ ድረስ ሲሞቀኝ ይታወቀኛል። አንድ በአንድ የደረደርኳቸውን ሳህኖች አየሁ፤ ልክ እንዳሉት ነበሩ። እናቴ ጣሳውን አጥር ላይ ሰቀለችው፣ እኔ ደግሞ ለመቶ ሰው አባዝቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩት። ለማንም ክፉ ሳላስብ፣ እንዲያውም ሁሉንም ሰው ደስ ለማሰኘት ብዬ።

መምህሩ ተነሡ። «ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፣ የእኔ ነው» አሉ። «ሐሳቡን ስታቀርብ ገብቶኝ ነበር። ብቻ ደክሞኝ ነበር። ስንት ዓመት ስከራከር ኖሬ ዛሬ እንኳ ያለ ጭቅጭቅ ይለፍ ብዬ ዝም አልኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ይኼን ያሉት ወደ እትዬ ዞረው ነው።

ያኔ ዕቃ ያዧ ከኋላ ተናገረች። ድምፅዋ ከዝናቡ በላይ ነበር።

«እኔም ልጠይቅ። የዕድሩ ሳህን ምን ሆነ ተብሎ ነው?»

ዳኛው ምንም አልሆነም አሏት።

«ቆሸሸ ያለ አለ?»

ማንም አላለም ተባለች።

«ታዲያ ለምን ከሱቅ መጣ? እኔ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጨርቅ እየለየሁ ያስቀመጥኩት ሳህን እያለ ልክ እንደ ልደት ቤት ላስቲክ ታቀርባላችሁ?» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የከተማ ልጅ፣ ሳህን የለኝም አልኩሽ?»

አላሉኝም አልኩ።

«ጠየቅሽኝ?»

አልጠየቅሁም ነበር። ማንኛችንም አልጠየቅናትም። ስንት ሳምንት ሙሉ እሷን ፈርተን ስንወያይ አንድ ሰው እንኳ ቤቷ ሄዶ ምን ትያለሽ ብሎ አልጠየቃትም። ይኼ እስከ ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ነገር ነው። የምንከራከረው ሰው ሳይጠየቅ አይገመት እያልን ነበር።

ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። ሁለት ወጣቶች ተከተሉኝ ብላ በዝናቡ ወጣች። ሲመለሱ ወጣቶቹ አንድ የእንጨት ሣጥን ተሸክመዋል፤ እሷ ደግሞ ሣጥኑ እንዳይረጥብ ጃንጥላዋን እሱ ላይ ዘርግታ ራሷ በስብሳ ነበር። ሳህኖቹ ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ሳህኖች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ የዕድሩ ምልክት በቀይ ቀለም ነጠብ ተደርጎባቸዋል። ከላይ ያለውን አነሣች፣ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረግ አደረገችው፣ እትዬ ፊት መጥታ ቆመች።

እዚያ ላይ ትንሽ ቆየች። ረጅም ጊዜ አልነበረም፤ ግን ሁላችንም አየነው። በኋላ ስንቀራረብ ጠየቅኋት። «እጄ ፈርቶ ነበር» አለችኝ ሳትደብቅ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የተነገረኝን በአንድ ቀን ከየት አባቴ ላወጣው? ግን ሳህኔን ንቀው ላስቲክ አመጡ ብዬ ተናደድኩ። ንዴቱ ከፍርሃቱ በለጠ።» ሌላ ሰው ቢሆን ያማረ ምክንያት ይነግረኝ ነበር።

ሳህኑን ሰጠቻቸው። «እንዳይወድቅ፣ ጠርዙ ይላጣል» አለች። እትዬ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ሁሉም ሰው በላ ብል ውሸት ይሆናል። ሁለት ሴቶች አንድ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። አንድ ሰውዬ ሳህን ሲዘረጋላቸው ዛሬ ጾም ነኝ አሉ። ዕቃ ያዧ ሰማቻቸው። «ቅዳሜን?» አለች፤ «ትናንት ዓርብ ጠጅ ቤት ያየሁህ ሰው ዛሬ መነኮስክ?» አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰውዬው ግን አልበሉም፤ ሳቃችንን ችለው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። መምህሩ በኋላ አለመሄዳቸውም አንድ ነገር ነው ብለው አጽናኑኝ። እትዬ ወጡን ጨርሰው ጎደሬ ጨመሩ። ዳኛው አጠገባቸው ነበሩ፤ ስለ ማር ዋጋ ሳይሆን ዘንድሮ ንቡ ለምን ቀፎ እንደሚሸሽ ይጠይቋቸው ነበር፣ እሳቸውም ያስረዱ ነበር።

ተበልቶ ካበቃ በኋላ ያለው ሰዓት ነው ከሁሉ ይበልጥ በልቤ የቀረው። በዕድሩ ልማድ ሳህን የሚያጥቡት ከሁሉ ኋላ የገቡት ሦስት ቤተሰቦች ናቸው። እትዬና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከአዳራሹ ጀርባ፣ ጣራው ሥር፣ በሁለት ጎድጓዳ ሳፋ ማጠብ ጀመሩ። እኔ ውኃ አመላልስ ነበር። ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ ላይ ወደ አንዱ ሳፋ ጠጋ አሉና እትዬን ለብቻቸው ተዉአቸው። ዕቃ ያዧ መጣችና አየቻቸው።  አንደኛውን ሳፋ አንሥታ ሁለተኛው ላይ ገለበጠችው። ከዚያ በኋላ ሦስቱም በአንድ ሳፋ አጠቡ።

የታጠበውን እሷ ትቀበላለች። እያንዳንዱን ሳህን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ትመለከትና ታስቀምጣለች። አንዱን አየች፣ ደግማ አየች፣ ለእትዬ መለሰችው።

«ይኼ ቅባት አለው። እናትሽ ሳህን ማጠብ አላስተማረችሽም?»

እኔ ደነገጥኩ። እትዬ ግን ሳህኑን ተቀብለው አዩትና ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ እኔንም ባለፈው ወር እንዲሁ አሳቀቀችኝ አለቻቸው። እትዬ ሳህኑን እንደገና አጠቡት፤ በዚህ ጊዜ አለፈላቸው። ሳህኖቹ ደርቀው ተደራርበው ሣጥኑ ውስጥ ሲገቡ የትኛው የማን እንደነበር ዕቃ ያዧም ብትሆን መለየት አትችልም ነበር።

የላስቲክ ሳህኖቹን ካርቶን ይዤ ተመለስኩ። አባቴ አልፈለጉትም እንዴ አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የጣሳውንም ነገር ጭምር። እናቴ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። በማግሥቱ ጣሳው እንጨቱ ላይ አልነበረም። ወዴት እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም። ከሰል የምታመጣልን ሴት በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ እናቴ በብርጭቆ ውኃ ይዛላት ወጣች፤ ሁለቱም ትንሽ ተፋፈሩ።

የቤት ሥራዬን ጽፌ አስረከብኩ። አስተማሪው ጥሩ ነው ብለው፣ ግን ስለ ራስሽ ስሕተት ብዙ ጽፈሻል፣ ስለ ማኅበሩ አደረጃጀት ጨምሪ አሉኝ። ጨመርኩ። ሆኖም የማኅበሩ አደረጃጀት ያው ከላይ የነገርኳችሁ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉልበት ደረት ላይ፣ አንድ ጉዳይ እስኪያልቅ መነጋገር። ሥራው ካለቀም በኋላ መሄዴን አልተውኩም። ከዕድሩ ሁለት ቤተሰቦች ወጥተው ነበር፤ አንደኛው ተመልሷል። ጾም ነኝ ያሉት ሰውዬ እስካሁን አብረው አልበሉም፤ ስብሰባ ግን አይቀሩም። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሌሎቹ ሁለት ቤቶችም ለመግባት ጠይቀዋል። ዕቃ ያዧ ማኅበሩ ውስጥ ገብታለች። ስትናገር ሌላ ሰው መናገር ስለማይችል ስብሰባው ረዝሟል።

እማማ አልሞቱም። ሁላችንም ለእሳቸው ነበር የተጣደፍነው፤ እሳቸው ግን ዝናቡ ሲያልፍ ተነሥተው ደጅ ላይ ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። ዳኛውና ዕቃ ያዧ ሊጠይቋቸው የመጡ ዕለት የሁለቱንም ትከሻ ፈትሸው፣ ዳኛውን አርጅተሃል ብለው፣ ዕቃ ያዧን ይቺ ብቻዋን ትበቃኛለች አሉ ብላ ራሷ በየደረሰችበት ታወራዋለች።

አንድ ቅዳሜ ከስብሰባ በኋላ እትዬ ቤት ነበርኩ። በቆሎ እየፈለፈልን ሳለ ከአጥሩ ውጭ ጡሩምባ ተነፋ። የዕድሩ ለፋፊ ነበር። የሞተውን ሰው ስም ጠራ፤ የታችኛው ሰፈር ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ የቀብሩን ሰዓት ተናገረና ወደ ጎረቤት አለፈ። ለፋፊ ወንዙን ተሻግሮ ያን ደጅ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። እትዬ እጃቸው ላይ ያለውን በቆሎ እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ።

እማማ ጡሩምባውን ሰምተዋል፤ ቃሉን ግን አልሰሙም። ከተጋደሙበት በክንዳቸው ቀና አሉና ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁ። እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ መጀመሪያ አልለየሁትም።

«እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት? ትላለች» አሉኝ። ጆሮአቸው ሥር ጎንበስ ብለው በቤንችኛ ጮክ አድርገው ነገሯቸው። እማማ ሰሙና ረክተው መልሰው ጋደም አሉ። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂና ሰው ቅበሪ አሏቸው፤ ይኼንንም እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነው የተረጎሙልኝ። ሳህን የሚያጥቡት እሳቸው ስለነበሩ መፍጠን ነበረባቸው። እናቴን አንዴ ያዢልኝ ብለውኝ ቁልቁል ወረዱ፤ ድልድዩ ላይ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሲቀላቀሉ አየኋቸው።

ነፋስ እንዳይገባባቸው ብዬ በሩን ልዘጋው ተነሣሁ። እማማ በአማርኛ ያወራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ተዪው» አሉኝ። «ሰው ይመጣል።»